ሩጫው ሳይቆም ቀልብን መሰብሰብ እንዴት ይቻላል?

"ፋታ የለኝም" የማይል ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የታክሲ ሰልፍ፣ ቀን ቢሮ፣ ማታ የልጆች የቤት ሥራ፣ በመሀል ለቅሶ፣ ዕቁብ፣ ማኅበር፣ የኮንዶሚኒየም ስብሰባ። ዋሽንግተን ያለው ዘመዳችሁም ከእናንተ አይሻልም፤ የሚደውልላችሁ ከአንዱ ሥራ ወጥቶ ወደ ሌላው እየነዳ ነው። ስለዚህ "ሥራ ቀንሱ፣ ለአንድ ወር ገጠር ሂዱ፣ ዘና በሉ" የሚለው ምክር ለአብዛኞቻችን አይሆንም። የቤት ኪራይም የትምህርት ቤት ክፍያም ዘና እስክንል አይጠብቁንም።

እኔ የማምነው እንዲህ ነው። የሥራው ብዛት ያደክመናል፤ መደበላለቁ ግን የባሰ ያደክመናል። ምሳ እየበላን ቴሌግራም እናያለን። መንገድ እያቋረጥን ቮይስ እንልካለን። ልጃችንን እያጠብን የነገው ስብሰባ ጭንቅላታችን ውስጥ ይዞራል። ማታ ስንተኛ ሁሉንም ነካክተናል፤ ቀልባችን ግን አንዱም ጋ አልነበረም። አእምሯችን ትኩረት የሚፈልጉ ሁለት ነገሮችን እኩል አያስኬድም። ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ነው የሚሠራው፤ በየዝላዩም ጊዜና ጉልበት ይባክናል።

ስለዚህ እዚህ የምጽፍላችሁ ትርፍ ሰዓት ስለማግኘት አይደለም። ዛሬም የምታደርጉትን ነገር፣ ቡናውን፣ መንገዱን፣ እራቱን፣ ከሌላ ነገር ጋር ሳትቀላቅሉ ብቻውን ስለማድረግ ነው። ገንዘብ አያስወጣም። ልምምድ ግን ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ላይም ብዙ ደስ አይልም።

ከቡናው ጀምሩ

ቀስ ማለትን ለመማር መተግበሪያ ማውረድም ሥልጠና መመዝገብም አያስፈልግም። ጀበናው ቤት አለ።

እስቲ ቡና ሲፈላ ልብ ብላችሁ እዩ። ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ምጣድ ላይ ይወጣል። መጀመሪያ የሚወጣው እንፋሎት ነው፤ ቀጥሎ ፍሬው ቢጫ ይሆናል፣ ይጠቁራል፣ መንጣጣት ይጀምራል፣ ወዙን ያወጣል። የተቆላው ጭሱ እየተግተለተለ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ይዞራል፤ ሁሉም በእጁ ወደ ራሱ ሳብ እያደረገ ያሸተዋል። ይወቀጣል። ጀበናው ይንተከተካል። ከእሳት ከወረደ በኋላ ደግሞ ማቶቱ ላይ ተቀምጦ እስኪሰክን ይጠበቃል፤ ሳይሰክን ከተቀዳ አተላው ሲኒ ውስጥ ይወርዳል። ይህን ሰዓት ማንም ሊያሳጥረው አይችልም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ አንድ ሰዓትም ከዚያም በላይ ይሄዳል።

ይህን ሰዓት የሚያበላሸው ስልክ ነው። ስለዚህ አንድ ደንብ አውጡ፦ ቡናው ምጣድ ከነካበት ደቂቃ እስከ በረካ ድረስ የቤቱ ስልክ ሁሉ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ቴሌቪዥኑም ይጥፋ። እንግዳ ከመጣ ሳታፍሩ ንገሩት፤ በዕድሜ የገፉት እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። የመጀመሪያ ቀን አቦል ላይ ምን እንደሚወራ ሰው ይጠፋዋል። አንዱ ጣሪያ ያያል፣ ሌላው ፈንዲሻ ይቆረጥማል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ እጅ ወደ ኪስ ይሄዳል። ቶና ላይ ወሬ ይመጣል። የመጀመሪያው ቀን ላይ ተስፋ አትቁረጡ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መባል አለበት። በብዙ ቤት ቡና የምታፈላው ውጭ ስትሠራ የዋለች ሴት ናት። እሷ ስትቆላ፣ ስትወቅጥ፣ ስትቀዳ፣ ሲኒ ስታጥብ ሌላው ተደግፎ የሚያርፍ ከሆነ ዕረፍቱ የሷ አይደለም። ወንዶች፣ ተራ ግቡ። ቢያንስ መቁላቱንና ሲኒ ማጠቡን ውሰዱ። መቁላት ራሱ ሰውን ሰብስቦ የሚይዝ ሥራ ነው፤ ዓይናችሁን ካነሳችሁ ያርራል።

ብቻችሁን ኪራይ ቤት የምትኖሩ ከሆነ ሰፈራችሁ ያለው የጀበና ቡና ይበቃል። በርጩማው ላይ ተቀመጡ፣ ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ክተቱ፣ አንድ ስኒ ጠጡ። ዐሥር ደቂቃ ነው። የምታፈላዋን ልጅ ሰላም በሉ፤ ጎን ከተቀመጠው ሰው ጋር ስለ ዝናቡ አውሩ።

ሰዓቱንም አስቡበት። በአብዛኛው አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ የካፌይን ግማሹ እስኪወጣ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማታ 12 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት ቡና 5 ሰዓት ላይ ስትተኙ ገና ግማሹ አብሯችሁ አለ ማለት ነው። "እኔን ቡና እንቅልፍ አይነሳኝም" የሚሉም አሉ፤ ተኝተውም ቢሆን እንቅልፋቸው ሊሳሳ ይችላል። የሥራ ቀን ከሆነ ከ9 ሰዓት በኋላ ባትጠጡ እመርጣለሁ። ትልቁን የቡና ሥነ ሥርዓት ለቅዳሜና ለእሑድ ጠዋት አድርጉት።

ስልኩን ከመኝታ ቤት አውጡት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። ቻርጀሩን ሳሎን ሰኩት፤ ስልኩ እዚያ ይደር። "ማን ይቀሰቅሰኛል?" ለሚለው ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ግዙ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ዓይናችሁን እንደገለጣችሁ ስልክ ካነሳችሁ የቀኑን የመጀመሪያ ሐሳብ የመረጠላችሁ ሌላ ሰው ነው፤ አለቃችሁ፣ የዶላር ዋጋ፣ የጦርነት ዜና፣ አንድ የማታውቁት ሰው የለጠፈው ስድብ። ፊታችሁን ሳትታጠቡ ደማችሁ ይፈላል። ከመኝታ ተነስታችሁ ታጥባችሁ፣ ጸሎታችሁን አድርሳችሁ፣ ቁርስ ቀምሳችሁ ስልኩን ብታነሱት ዜናው አይሸሽም።

"ሌሊት እናቴ ቢያማትስ?" የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ ተገቢ ሐሳብ ነው። ስልኩን ሳሎን ድምፁ እንደሚሰማችሁ አድርጋችሁ ተዉት፤ ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ "ዱ ኖት ዲስተርብ" የሚለውን ክፈቱ። የመረጣችኋቸው ሰዎች ብቻ እንዲደውሉ መፍቀድ ይቻላል። ሌላም ጥሩ ነገር አለው፦ ያው ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ ደግሞ ከደወለ ጥሪው እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል፤ አይፎን ላይ በሦስት ደቂቃ፣ ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ በ15 ደቂቃ ውስጥ። ለቤተሰባችሁ "የቸገረ ነገር ካለ ሁለቴ ደውሉ" ብላችሁ ንገሯቸው። አበቃ።

ውጭ ሀገር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ሰዓት ተስማሙ። ዋሽንግተን ከኛ እንደ ወቅቱ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እሱ ከሥራ ወጥቶ ሲናፍቃችሁ እናንተ ጋ ሌሊት ነው። "እሑድ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ እናውራ" ብትባባሉ ሁለታችሁም ተቀምጣችሁ፣ ሳትጣደፉ ታወራላችሁ፤ በየቀኑ ከሚላከው የተቆራረጠ ቮይስ ይህ ብዙ ይበልጣል።

የቴሌግራምና የዋትሳፕ ግሩፖችን ድምፅ ሁሉንም አጥፉ። የዕድሩ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የድሮ ክላስሜቶች፣ የሕንፃው ነዋሪዎች። ከግሩፕ መውጣት ቅሬታ ያመጣል፤ ድምፅ ማጥፋት ግን ማንም አያውቅባችሁም። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ራሳችሁ ገብታችሁ እዩ።

ሰልፍ ላይ መተንፈስ

ሜክሲኮ ወይም መገናኛ በሥራ መውጫ ሰዓት ቆማችሁ ከሆነ ሰልፉ እናንተ ስለተናደዳችሁ አያጥርም። ይህን ጊዜ ለትንፋሽ አውሉት። አሠራሩ ይኸውላችሁ።

ትከሻችሁን ጣል አድርጉ። መንጋጋችሁ ተነክሶ ከሆነ ልቀቁት፤ አብዛኛውን ጊዜ ተነክሶ ነው የምታገኙት። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠራችሁ አየር አስገቡ፣ እስከ ስድስት እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ደረታችሁ ሳይሆን ሆዳችሁ ከፍ ዝቅ ይበል። ይህን ሰልፉ አንድ ታክሲ እስኪያንቀሳቅስ ድረስ ቀጥሉ። ሐሳብ ይመጣል፣ ይምጣ፤ ወደ ቆጠራው ተመለሱ። የጭስ ማውጫ ፊት ለፊት ከሆናችሁ ግን መጀመሪያ ፈቀቅ በሉ።

ለምን ይሠራል? አየር ስናስወጣ የልብ ምት በተፈጥሮው ትንሽ ዘግየት ይላል። የምናስወጣበትን ስናስረዝም ሰውነትን የሚያረጋጋው የነርቭ ክፍል ይበረታል። አዋቂ ሰው ሳያስበው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በአራትና በስድስት ቆጠራ ግን ወደ ስድስት ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመ የጣሊያን ተመራማሪዎች ጥናትም በመቁጠሪያ የሚደገም የካቶሊክ ጸሎት ትንፋሽን ወደዚሁ ወደ ስድስት ገደማ እንደሚያወርደው አሳይቷል። መቁጠሪያ ይዛችሁ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" የምትሉ ወይም ተስቢህ ይዛችሁ ዚክር የምታደርጉ ሰዎች መሣሪያው እጃችሁ ላይ ነው። አታጣድፉት ብቻ።

ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድም ይረዳል። የቢሮው ነገር ከእናንተ ጋር ቤት ከመግባቱ በፊት በእግር የሚራገፍበት መንገድ ያገኛል። ከመሸ ወይም ሰፈሩ ካሰጋ ይቅር። ሊፍት የተበላሸበት ኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ደረጃውን ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ በር ላይ ስትደርሱ ሦስት ትንፋሽ ውሰዱ፣ ከዚያ አንኳኩ። ልጆቹ የሚያገኙት ሌላ ሰው ነው።

እምቢ ማለት

እዚህ ላይ ነው የሚከብደን። አስተዳደጋችን እምቢ ማለትን ከትዕቢት ይቆጥረዋል። ስለዚህ "እሺ" እንልና በመጨረሻው ሰዓት እንቀራለን፣ ወይም እያጉረመረምን እንሄዳለን። ሁለቱም ሰላም ይነሳል፤ ለጠሪውም አክብሮት አይደለም።

በእኔ አስተያየት ለቅሶ አይቀነስም። የታመመ መጠየቅም አይቀነስም። እነዚህ ጊዜ የሚወስዱብን ይመስላሉ እንጂ እኛው ስንወድቅ ቤታችንን የሚሞሉት እነዚያው ሰዎች ናቸው። የሚቀነሰው ሌላ ነው። ዐሥር ሰው የተጠራበት ሁለት ሰው የሚያወራበት ስብሰባ። በሥራ ቀን ማታ "እስቲ አንዴ እንገናኝ" ተብሎ ጉዳይ የሌለው ቀጠሮ። አቅማችሁ የማይፈቅደው ሦስተኛ ዕቁብ፤ ይህ እንዲያውም ሌሊት የሚያባንን ነው።

አባባሉን ቀድማችሁ ተዘጋጁበት። "በዚህ ሳምንት አልችልም፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት ልምጣ?" ይህ ይበቃል። ምክንያት መደርደር አትጀምሩ፤ ምክንያት ሲበዛ ክርክር ይከፈታል። ለትልቅ ሰው ከሆነ "ጋሼ፣ ዛሬ አልቻልኩም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እሑድ እመጣለሁ" በሉና እሑድ በእርግጥ ሂዱ። ቃል የሚጠብቅ ሰው እምቢታው አያስቀይምም።

ማታ 3 ሰዓት ላይ ለሚጽፍ አለቃም መልስ አለ፦ ጠዋት ሥራ ስትገቡ መመለስ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆናችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ሳምንታዊ ዕረፍትም ይሰጣል። የዓመት ፈቃድ ደግሞ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን ይጨመርበታል። ብዙ ሰው ይህን ፈቃድ ለሠርግና ለቤት ግንባታ ቁጥጥር ነው የሚጨርሰው። ከውስጡ ሦስት ቀን ለምንም ጉዳይ ያልሆነ አስቀሩ። ቤት ተኙበት፣ መጽሐፍ አንብቡበት፣ እናታችሁ ጋ ዋሉበት።

የማይነካ ቀን

አንድ ቀን ቢከብድ ግማሽ ቀን። የማይነካ ይሁን።

ይህ ከእኛ ዘንድ የቆየ ነገር ነው። የገጠሩ ገበሬ በሰንበት በሬ አይጠምድም፤ በየወሩ 12 ለሚካኤል፣ 21 ለማርያም ሞፈሩን ያሳርፋል። የቅዳሜ ሰንበት ጉዳይ በአንድ ወቅት ሰው የተሰደደበት ክርክር ነበር፤ ቅዳሜም ይከበር ይሉ የነበሩት መነኩሴ አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በዚያ ዘመን ከሀገር ወጥተው በአርመን ምድር ነው ያረፉት። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1450፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ፣ የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜም እሑድም እንዲከበሩ ወሰነ። ቤተ እስራኤላውያንም በሰንበት እሳት አያነዱም ነበር፤ ምግቡ ዓርብ ተሠርቶ ያድራል። ሙስሊሙ ወገናችን ውዱእ አድርጎ ሶላት ሲቆም በቀን አምስት ጊዜ ሥራውን ያቋርጣል። ሁሉም የሚያሳዩን ዕረፍት በሰዓቱ ታጥሮ የሚጠበቅ መሆኑን ነው። ሥራ ሲያልቅ አርፋለሁ ካላችሁ ሥራ አያልቅም።

ስለዚህ ቀኑን ምረጡ። ልብስ አጠባውንና ገበያውን ወደ ሌላ ቀን አዙሩ፤ ወጡ ከዋዜማው ይሠራ። በዚያ ቀን ባንክ የለም፣ ጉዳይ የለም፣ "ፈጠን ብዬ ልመለስ" የለም። ከቻላችሁ ዛፍ ያለበት ሂዱ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ አለ፣ የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አለ። እንጦጦ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ትንፋሽ ያጥራል፤ እዚያ ቀስ ማለት ግድ ነው። መኪና ከሌላችሁ የሰፈራችሁ ቤተ ክርስቲያን አጸድ ከዛፍ ሥር አንድ ድንጋይ አይጠፋውም። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሲበተን ትንሽ ቆዩ።

ይህን የምታነቡት ቤሩት፣ ሪያድ ወይም ኩዌት ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች ከሆናችሁ ቀን መምረጥ በእጃችሁ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የዕረፍት ቀን ግን የአሠሪ ቸርነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው 189ኛው ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነት ለቤት ሠራተኛ በሳምንት ተከታታይ 24 ሰዓት ዕረፍት ይገባል ይላል፤ ስምምነቱን ያልፈረመችው ኩዌትም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው የቤት ሠራተኞች ሕግ ሳምንታዊ ዕረፍት አስቀምጣለች። ውል ከመፈረማችሁ በፊት የዕረፍት ቀኑ ተጽፎ እንደሆነ ጠይቁ። እስከዚያው ከመተኛታችሁ በፊት ያቺን የአራትና የስድስት ትንፋሽ ያዙ። ማንም አይወስድባችሁም።

ከሩጫ ያለፈ ከሆነ

እንቅልፍ ማጣቱ፣ ተስፋ መቁረጡ፣ የምትወዱትን ነገር መጥላቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ ጉዳዩ የፍጥነት አይደለም። ሐኪም እዩ። ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል፤ አዲስ አበባ ላላችሁ አማኑኤል ሆስፒታልም አለ። ጸበል መጠመቅና ሕክምና መከታተል አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልግም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀን አትቁጠሩ፣ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩና አብራችሁ ሂዱ።

ስትጀምሩ የሚያጋጥማችሁ

መጀመሪያ መቁነጥነጥ ነው። ዝም ብላችሁ ስትቀመጡ ያልከፈላችሁት ሂሳብ፣ ያልደወላችሁለት ሰው፣ የረሳችሁት ጉዳይ ሁሉ ተሰልፎ ይመጣል። አጠገባችሁ ወረቀትና እስክሪብቶ ይኑር። የመጣውን ጻፉትና ወደ ቡናችሁ ተመለሱ። የተጻፈ ነገር መወትወቱን ይቀንሳል።

ሁሉንም በአንድ ሳምንት አትጀምሩ፤ እሱም ሌላ ሩጫ ይሆናል። ስልኩን ከመኝታ ቤት ማውጣቱን አስቀድሙ። እሱ ሲለመድ ቡናውን ጨምሩ። ማክሰኞ ቢፈርስባችሁ ረቡዕ ቀጥሉ።

ልጆች ካሏችሁ ስልክ የሚቀመጥበትን ቦታ እነሱ ይምረጡት። የጫማ ካርቶንም ይሁን የዳቦ መሶብ፣ የመረጡት ይሁን። ደንቡን እናንተ ስትጥሱም "አባዬ፣ ስልክህ!" እንዲሉ ፍቀዱላቸው፤ ሲሉም ሳትቆጡ አስቀምጡት።